ያልረጋው ውጤት

ማክሰኞ ጠዋት፣ ተማሪዎቹ ገና ሳይገቡ፣ ቴክኒሻኗ ጠብታ በኬሚስትሪ ላብራቶሪው ጥግ ካለው የመቅለጫ መለኪያ ፊት ጎንበስ ብላ ቆማ ነበር። ከመርፌ ብዙም በማትወፍር የመስታወት ቱቦ ውስጥ ቁንጣሪ የምታህል ነጭ ዱቄት አለች። ጠብታ ዓይኗን ከዱቄቱ ሳትነቅል ዲግሪውን በልቧ ትቆጥራለች።

ዱቄቱ ዘጠና አንድ ላይ መቅለጥ ነበረበት። ከስድስት ሳምንት በፊት በገዛ እጇ ስትለካው፣ ዘጠና አንድ ሲደርስ በአንድ ትንፋሽ ጥርት ያለ ፈሳሽ ሆኖላት ነበር። ዛሬ ግን ሰማንያ ሦስት ላይ ጠርዙ ረጠብ አለ። ሰማንያ ስምንት ላይ ግማሹ ፈሰሰ። የቀረው እየተጎተተና እየተንቀራፈፈ ዘጠና ስድስት ላይ ደርሶ አለቀ።

«የለም» አለች ለራሷ። «እጄ ነው የተሳሳተው።»

ደገመችው። ሰማንያ ሦስት። ሠለሰችው። ሰማንያ ሦስት።

ንጹሕ ነገር አንድ ቦታ ላይ ቁርጥ ብሎ ይቀልጣል። እንዲህ የሚንቀራፈፈው ሌላ ነገር የገባበት ነው። ጠብታ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ቢሆንም ልቧ አልቀበልም ስላላት፣ ከዱቄቱ ጥቂት አሟሙታ ነጩ ስስ ሰሌዳ ላይ ነካ አደረገችውና የሰሌዳውን ጫፍ ፈሳሽ ውስጥ አቆመችው። ፈሳሹ ወደ ላይ ሲሳብ ዱቄቱም አብሮ እየተሳበ ይወጣል። አንድ ነገር ከሆነ አንድ ነጠብጣብ ነው የሚያሳየው። ሰሌዳውን ነጠብጣብ ከሚያሳየው ልዩ መብራት ሥር ስታስገባው ሁለት ሆኖ ታያት። አንደኛው ከሌላኛው ከፍ ብሎ፣ ፈዘዝ ብሎ፣ ግን አለ።

ያ ዱቄት የኬሚስትሪ መምህሩ የአራት ዓመት ልፋት ነው። መምህሩ ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ በፈታኞች ፊት ቆሞ የመመረቂያ ሥራውን ይከላከላል። ካለፈ ባሕር ማዶ ሄዶ የሚሠራበት የሁለት ዓመት ቦታ ተይዞለታል። ደግሞም፣ ላብራቶሪው ሁሉ ባያውቅም፣ መምህሩ ጠብታ የምትወደው ሰው ነው።

ሁለቱን ነጠብጣቦች ስታይ ከሁሉ ቀድሞ በልቧ ብልጭ ያለው ነገር «አይሄድም!» የሚል ነበር። ደስታ ነበር። የቆየው ለዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። ከዚያ የመጣው ሐፍረት ግን ፊቷን እንደ እሳት ለበለባት፤ ወንበሩን ሳብ አድርጋ ልትቀመጥ ሞከረች፣ መቀመጥ ግን አቃታት።

* * *

ጠብታ የሚለውን ስም ያወጣላት የዕቃ ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ ወገቡ ላይ በሚንቃጨለው የቁልፍ ዘለላ የተነሳ ጋሼ ቁልፉ የሚሉት ሰው። «አሲድ ጠብ ስታደርግ እንደዚህች ልጅ የሚታገሥ አላየሁም» ይላል። «በአንዱ ጠብታና በሚቀጥለው መካከል እኔ ምሳዬን በልቼ እመለሳለሁ።» ከዚያ ወዲያ እናት አባቷ ባወጡላት ስም የሚጠራት አባቷ ብቻ ሆነ። አባቷም የዚያው ኮሌጅ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። የተደፈነ፣ የሚያፈስ፣ የሚንጣጣ ነገር ሁሉ እሱን ነው የሚጠራው።

መምህሩ የሟች ዳኛ ልጅ ነው። ቤታቸው ከተማዋን ቁልቁል የሚያይ፣ በአጥር ዙሪያው ጽጌረዳ የተተከለ ሰፊ ቤት ነው። ጠብታ ያንን ቤት የምታውቀው አባቷ አንድ ጊዜ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ሊጠግን ሄዶ ተመልሶ ከነገራት ነው። «መታጠቢያ ቤታቸው ከኛ ሳሎን ይበልጣል» ብሏት ነበር፣ እየሳቀ።

የሁለቱ ነገር የተጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። መምህሩ ተማሪዎቹን እያስተማረ፣ ጠብታ ከኋላ ጠርሙስ ታጥባለች።

«ይህ ሞለኪውል ሁለት በር አለው እንበል» አለ፣ ሰሌዳው ላይ እየሣለ። «አሲዱ በቅርቡም በር ሊገባ ይችላል፣ በሩቁም። ብርድ ከሆነ በቅርቡ ይገባል፤ ስለሚቀለው። ሙቀትና ጊዜ ካገኘ ግን ይወጣና በሩቁ ይገባል፤ እዚያ ስለሚረጋ። የኛ ሥራ የትኛው ውጤት እንደሚወጣ አስቀድሞ ማወቅ ነው።»

ከኋላ፣ ከውሃው ድምፅ መካከል፣ አንድ ድምፅ ወጣ።

«እንግዲያው ቶሎ የተገኘውና የሚረጋው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ ማለት ነው?»

መምህሩ ዞረ። እጇ እስከ ክርኗ በአረፋ ተሸፍኗል። ድምፁ ከአፏ ያመለጠ መሆኑ ፊቷ ላይ ያስታውቃል።

«ተማሪዎቼ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ግማሽ ዓመት ይፈጅባቸዋል» አለ መምህሩ። ከዚያ በኋላ ትምህርቱን የት ላይ እንዳቆመው ለማስታወስ ጊዜ ወሰደበት።

የመመረቂያ ሥራውም ስለዚሁ ነው። በቅርቡ በር የሚገኘው ውጤት ለመድኃኒት መሥሪያ ይሆናል፤ ክፋቱ አይረጋም። መምህሩ ግን «ከጎኑ ከበድ ያለ ቅርንጫፍ ቢሰቀልበት ሩቁ በር ይዘጋል፤ ውጤቱም ያለ ፍሪጅ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል» ብሎ ገመተ። ሠራው። ዐሥር ቀን መደርደሪያ ላይ አቆየው፤ ንክች አላለም። የቀረውን በስሌት ጨረሰ፤ ስሌቱም ሁለት ዓመት ይቆያል አለ። ከዚያ ወዲህ ዱቄቱ ሁሉ ፍሪጅ ገባ። ጠብታ ብቻ፣ ማንም ሳያዛት፣ አንዷን ጠርሙስ ቀን ጽፋባት መደርደሪያው ላይ ትታት ነበር። ክፋት አስባ አልነበረም። ነገር ጊዜ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ማየት ትወዳለች፤ አመሏ ነው።

ከአንድ ወር በፊት የመምህሩ እናት ላብራቶሪው ድረስ መጥተው ነበር። ነጭ ሻርፕ አጣፍተው፣ ከጠረጴዛዎቹ ራቅ ብለው ቆመው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ አናገሯት።

«ልጄ ስላንቺ ነግሮኛል። ክፉ ልጅ አትመስዪም። አንድ ነገር ብቻ ቃል ግቢልኝ። ሊሄድ ነው፤ እንዳታደናቅፊው።»

«አላደናቅፈውም፣ እትዬ» አለች።

ሊሄድ መሆኑን ያን ቀን ነው የሰማችው። እሱ ራሱ እስኪነግራት አንድ ሳምንት ጠበቀች። አልነገራትም። በስምንተኛው ቀን ጋሼ ቁልፉ «መምህሩ ሻንጣ ሊገዛ ነው አሉ» ሲላት መጠበቁ በቃት።

«እኔ ካንተ አፍ የምሰማው መቼ ነው?» አለችው፣ ከሕንፃው ጀርባ።

«ልነግርሽ ነበር። ግን የምትዪውን አውቀዋለሁ።»

«ምን እላለሁ?»

«አትሂድ ትያለሽ። ታለቅሻለሽ። እኔም ስታለቅሺ አይቼ እቀራለሁ።»

«እንዲያ ካወቅህማ ሂድ! ማን ያዘህ!»

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆናቸው፤ በአንድ ኮሪደር እየተላለፉ አይነጋገሩም። እሷ ስትመጣ እሱ ወረቀቱን ያነባል። እሱ ሲመጣ እሷ ጠርሙስ ትቆጥራለች። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው እንኳ አንዳቸው የሌላውን ጫማ ድምፅ ለይተው ያውቁ ነበር።

* * *

ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ልትነግረው ሄደች። መምህሩ ከአማካሪው ፕሮፌሰር ጋር ንግግሩን እየተለማመደ ነበር። በበሩ መስታወት አየችው፣ አያት። ዓይኑ ለአንድ አፍታ እሷ ላይ ቀረ፤ ከዚያ ተነስቶ መጣና በቀስታ መጋረጃውን ሳበው።

ጠብታ ተመልሳ ወረቀት አወጣች። ጻፈች፣ ቀደደች። ደግማ ጻፈች፣ ቀደደች። በመጨረሻ በላብራቶሪ መዝገብ ላይ እንደምትጽፈው አድርጋ ጻፈችው፤ በሌላ ዓይነት ለመጻፍ እጇ እምቢ አላት። ፖስታውን አሽጋ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችው።

«መምህር፣ እባክዎን ይህን ዛሬውኑ ያንብቡት።»

ሰው ስለነበር ነው አንቱ ያለችው። መምህሩ ፖስታውን ተቀበላት። ጣቶቹ ጣቶቿን ነኩ፤ ሁለቱም እንደተቃጠለ ሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። ፖስታውን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተና የሚያሳዝን ፊት አሳይቷት ሄደ። ያ ፊት ምን ማለት እንደሆነ እስኪመሽ ስታሰላስል ዋለች።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ጠበቀች። በር በተከፈተ ቁጥር ዘወር ትላለች። ጋሼ ቁልፉ፣ ተማሪ፣ ነፋስ። ሁለት የመስታወት ቢከር ሰበረች፤ በሰባት ዓመት ሥራዋ አንድም ሰብራ አታውቅም። ጋሼ ቁልፉ ስባሪውን እየጠረገ «ዛሬስ ጠብታ አይደለሽም፣ ዶፍ ነሽ» አላት። አልሳቀችም።

ወደ አሥር ሰዓት ግድም ንግግሩ ወደሚቀርብበት አዳራሽ የውሃ ጠርሙስ እንድታደርስ ተላከች። መምህሩ አልነበረም። ግድግዳው ላይ ግን የንግግሩ የመጨረሻ ገጽ በፕሮጀክተር እንደበራ ቀርቷል። በትልልቅ ፊደል «ውጤቱ በክፍል ሙቀት ለሁለት ዓመት ይረጋል» ይላል።

ጠብታ ጠርሙሶቹን ይዛ ቆመች። አንብቦታል፤ አንብቦ ዝም ብሏል ማለት ነው። ነገ በአደባባይ የማይሆነውን ሊናገር ነው፤ ለመሄድ ሲል፣ ከእሷ ለመራቅ ሲል። ቢጠላት ይሻላት ነበር። የሚጠላትን ሰው መውደድ ትችል ነበር፤ የምትንቀውን ሰው እንዴት ብላ እንደምትወድ ግን አላወቀችበትም።

* * *

ሐሙስ በማለዳ አባቷ የመሣሪያ ቦርሳውን እያዘጋጀ አያት።

«ይህን ሸሚዝ ስትተኩሺ ይኸው ሦስተኛሽ ነው» አላት። «ሊቀደድ ነው።»

ካውያውን አስቀመጠች። ትንሽ ተንጎራደደችና «አባባ» አለች። «አንድ ሰው ቤት እየሸጠ ነው እንበል። ግድግዳው ውስጥ ያለው ቧንቧ መበስበሱን አንተ አውቀሃል። ትናገራለህ?»

«ሥራዬ ምን ሆነና።»

«ሻጩ የምትወደው ሰው ቢሆንስ?»

አባቷ መፍቻውን በጨርቅ እየወለወለ አሰበ። ልጅቱ ስለ ማን እንደምታወራ ካወቀ ቆይቷል፤ ያወቀውን ግን አላሳወቃትም።

«ከሆነማ ገዢው ሳይመጣ ለእሱ ነው ቀድሜ የምነግረው።»

«ነገርኩት። በደብዳቤ። ዝም አለ።»

«ማንበቡን በምን አወቅሽ?»

ጠብታ ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለች። ያንን የመምህሩን የሚያሳዝን ፊት አስታወሰች። ስለ መቅለጫ ዲግሪ የሚያነብ ሰው ፊት አልነበረም። የሚሰናበት ሰው ፊት ነበር።

ያንኑ ሸሚዝ ለብሳ ወጣች። አባቷ «ቁርስሽንስ?» ሲላት ከመንገዱ ማዶ ደርሳ ነበር።

* * *

ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ብቻውን አገኘችው። ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ክራባቱን እያሰረ ነበር። በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

«ደብዳቤዬን አንብበኸዋል?»

መምህሩ እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ሰደደ፤ ፖስታው እንደታሸገ ነው።

«አላነበብኩትም» አለ። «አልቻልኩም። አንዲት ቃልሽን ካነበብኩ ዛሬ እዚያ መቆም አልችልም። ባሕር ማዶ ስደርስ አነበዋለሁ ብዬ...»

«ምን የጻፍኩልህ መስሎህ ነው?»

«አትሂድ ብለሽ።»

ጠብታ ሳቀች፤ ሳቁ ግን እንደ ሳግ ነው የወጣው። «አሁን አንብበው። እፊቴ።»

ቀደደው። ጠብታ ዓይኖቹ በመስመሮቹ ላይ ሲወርዱ ተከተለቻቸው።

«መደርደሪያ ላይ የቆየው ናሙና፣ ስድስት ሳምንት፣ የክፍሉ ሙቀት ሃያ አምስት ዲግሪ። መቅለጥ የጀመረው 83፣ የጨረሰው 96። ሦስት ጊዜ ደግሜዋለሁ። ሰሌዳው ላይ ሁለት ነጠብጣብ። የላይኛው ነጠብጣብ ከሩቁ በር ውጤት ጋር ጎን ለጎን ሲሳብ እኩል ደርሷል። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ደህና ነው። ይህን የጻፍኩት እንድትቀር ብዬ አይደለም። ሰው ፊት እንዳትዋረድ ብዬ ነው።»

መምህሩ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ደሙ ከፊቱ ሲሸሽ ይታያል። ደግሞ አነበበው።

«እየተለወጠ ነው» አለ በሹክሹክታ። «በሩን አልዘጋሁትም። አዘገየሁት እንጂ አልዘጋሁትም።» ከዚያ ቀና አለ። «ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

«ማንም ካላወቀ... ፈታኞቹ የሚያዩት ያለኝን ቁጥር ነው። ዐሥሩ ቀን እውነት ነው፤ አልዋሸሁም።»

«እስከ ዛሬ አልዋሸህም። አሁን ግን አውቀኸዋል።»

«ብናገር ያ ቦታ ይሄዳል። ሁለተኛው ሰው ተጠባባቂ ሆኖ እየጠበቀ ነው። ይገባሻል?»

«ይገባኛል።»

«እንዴት አይገባሽ!» ብድግ አለ። «ደስ ይልሻላ! እቀርልሻለሁ። ይኸው ነው የፈለግሽው!»

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ተጸጸተ፤ ግን ወጥቷል። ጠብታ እንደተመታ ሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችው፤ ከሦስት ሳምንት ወዲህ ፊት ለፊት ስታየው የመጀመሪያዋ ነው።

«አዎ» አለች። «ማክሰኞ ሁለቱን ነጠብጣብ ሳይ ደስ ብሎኛል። ‹አይሄድም› አልኩ። እውነቱን ልንገርህ፤ ከዚያ ደቂቃ ወዲህ ቁጭ ብዬ አላውቅም። እህል አልበላሁም። ያንተ የአራት ዓመት ድካም ሲፈርስ ደስ ያለኝ ምን ዓይነት ሰው ብሆን ነው እያልኩ። ዝም ብዬህ ብትሄድና አንድ ቀን ሌላ ሰው ቢያገኘው፣ ወይም ማንም ሳያገኘው ለሕመምተኛ ቢሰጥ... ይህን ይዤ መኖር አልችልም። አንተም አትችልም።»

መምህሩ ዓይኑን ወደ ደብዳቤው መለሰ።

«ደግሞ አንድ ነገር አለ» አለች፤ እንባዋ መውረድ ጀምሯል፣ ልትጠርገው አልሞከረችም። «አንተ መገመት ታውቃለህ፤ ይህ ከዚያ ጋር ቢገናኝ ይህ ይወጣል ማለት ትችላለህ። እኔንም እንዲሁ ገመትከኝ። አትሂድ ትላለች፣ ታለቅሳለች፣ ትይዘኛለች አልክ። ጠይቀኸኝ ግን አታውቅም። አንድ ቀን እንኳ ‹አንቺስ?› ብለኸኝ አታውቅም። ይኸው፣ ሂድ ብዬ ነው የመጣሁት። ንጹሕ ሆነህ ሂድ።»

በሩ ተንኳኳ። «መምህር፣ ፈታኞቹ ገብተዋል» አለ የጋሼ ቁልፉ ድምፅ።

መምህሩ ደብዳቤውን አጠፈና ይዞት ወጣ። አልነካትም፣ አላናገራትም። ሲያልፍ የኮቱ እጅጌ እጇን ዳበሳት፤ ያ መነካካት በንዴት ይሁን በፍቅር ለይታ ማወቅ አልቻለችም።

* * *

አዳራሹ ሞልቷል። እናቱ ከፊት ወንበር ላይ ናቸው። ጠብታ ከኋላ፣ በሩን ተደግፋ ቆመች።

መምህሩ የመጀመሪያውን ገጽ አላበራም።

«ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር መናገር አለብኝ» አለ። «የመጨረሻው ገጼ ስህተት ነው።»

አዳራሹ ውስጥ የወንበር ሲጥሲጥታ ተሰማ። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ። መምህሩ ደብዳቤውን ዘረጋና ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አነበበ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች ብቻ ለራሱ አስቀረ። ውጤቱ ቶሎ እንደሚገኝ፣ ግን እንደማይረጋ፣ ስሌቱም የት ላይ እንዳታለለው ተናገረ።

«ይህን ያገኘሁት እኔ አይደለሁም» አለ ሲጨርስ። «ያገኘችው ከበሩ አጠገብ የቆመችው ቴክኒሻን ናት። ናሙናውን ጊዜ የሰጠችው እሷ ናት። እኔ ቸኩዬ ነበር።»

ሁሉም ዞሮ አያት። ጠብታ ግን ያየችው አንድ ሰው ብቻ ነው። የመምህሩ እናት አልዞሩም፤ ከፊት ወንበር ላይ ጀርባቸው እንደ እንጨት ቀጥ ብሎ ቀርቷል። ያ ጀርባ ከሁሉ ዓይን በላይ አስፈራት።

ፈታኞቹ ለአንድ ሰዓት ያህል ተማከሩ። አላሳለፉትም፤ አልጣሉትምም። ዘጠኝ ወር ሰጡት፤ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ በትክክል ለክቶ እንዲመለስ። የባሕር ማዶው ቦታ በዚያው ዕለት ለተጠባባቂው ሰው ሄደ።

እናቱ ደረጃው ላይ አገኟት።

«ቃል ገብተሽልኝ ነበር» አሉ፣ አሁንም ድምፃቸውን ሳያነሱ።

«አዎ፣ እትዬ። አላደናቅፈውም ብያለሁ። አላደናቀፍኩትም። የቆመበት ነው ያልጸናለት።»

እናቱ ትክ ብለው አዩዋት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዛሬ ጠዋት ልጄ ‹አልናገርም› ቢልሽ ኖሮስ? አንቺ ተነስተሽ ትናገሪ ነበር?»

ጠብታ «አዎ» ልትል አሰበች። የሚያምረው መልስ እሱ ነው። አፏ ግን እምቢ አላት።

«አላውቅም» አለች። «ብናገር እሱን አጣለሁ፣ ዝም ብል ራሴን። የትኛውን እንደማደርግ እስካሁን አላውቅም።»

እናቱ ሻርፓቸውን ሰብሰብ አድርገው ወረዱ። ጠብታ ከዚያ ደረጃ ላይ ሆና ሁሉንም በአንድ ቀን ያጣች መሰላት፤ የደረጃውን ብረት እንደጨበጠች ቀረች።

* * *

ዘጠኝ ቀን አለፈ። መምህሩ ፈቃድ ወጥቷል ተባለ። ጠብታ ቤት ውስጥ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ትመላለሳለች። አባቷ «የቧንቧ ነገር ቢሆን ከፍቼ አየው ነበር» ይልና ወደ ሥራው ይሄዳል። በየቀኑ ትክክል እንዳደረገች ለራሷ ትነግራለች፤ በየቀኑ አታምነውም። አንድ ጊዜ ደብዳቤ ጀመረች፤ «ይቅር» የሚለውን ቃል ጽፋ፣ «በለኝ» ይሁን «ብዬሃለሁ» መወሰን አቅቷት ተወችው።

በዐሥረኛው ቀን፣ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ ላብራቶሪው ባዶ ሆኖ እሷ ጠርሙስ እያደረቀች ሳለ በሩ ተከፈተ። ጫማውን ለይታ ስላወቀችው አልዞረችም።

«ከስተሃል ይሉኛል» አለ መምህሩ።

ዞረች። እውነትም ከስቷል። ጢሙ አድጓል፣ ኮት አልለበሰም።

«ሁለት ቀን ጠልቼሻለሁ» አለ። «ልዋሽሽ አልፈልግም። በሦስተኛው ቀን የጠላሁት ራሴን መሆኑ ገባኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ አንዲት ጥያቄ ለመጠየቅ ድፍረት ስፈልግ ነው ያሳለፍኩት።»

«ምን ጥያቄ?»

«አንቺስ? ምን ትፈልጊያለሽ? መልሱን አልገመትኩም። በእውነት አላውቀውም።»

ጠብታ በእጇ ያለውን ጠርሙስ አስቀመጠች። ይህን ጥያቄ ሦስት ዓመት ጠብቃዋለች፤ ሲመጣ ግን ያዘጋጀችው መልስ ሁሉ ጠፋ።

«መማር እፈልጋለሁ» አለች። ቃሉ ራሷን አስደነገጣት፤ ጮክ ብላ ተናግራው አታውቅም። «ለሌላ ሰው መለካት ብቻ ሳይሆን፣ የራሴን ጥያቄ መጠየቅ። እዚህ ተመዝግቤ ከመጀመሪያው ጀምሬ። ካንተ ኋላ ሻንጣ ይዤ መከተል አልፈልግም። አንተንም...» ጠርሙሱን ገፋ አደረገችው። «አንተንም እፈልጋለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ እንዴት እንደማደርግ አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አለ መምህሩ። በዚያ ቃል ላይ ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቃቸው መሐል እሱ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየችና ሄዳ ግንባሯን ደረቱ ላይ አሳረፈች። ከእርጥብ እጆቿ የፈሰሰው ውሃ ሸሚዙን አበሰበሰው።

«እናትህስ?» አለች ቆይታ።

«ውጭ ናቸው። መኪና ውስጥ።»

ጠብታ ብንን ብላ ራቀች። «እዚህ?»

«ይዘውኝ የመጡት እሳቸው ናቸው። እኔ ለመምጣት ስፈራ፣ ‹ተነስ፣ ላድርስህ› አሉኝ። አልገባም ብለዋል። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገሩት። ‹ያቺ ልጅ አላውቅም አለችኝ። ልትደልለኝ ብትፈልግ አዎ ትለኝ ነበር› አሉ።»

በመስኮቱ አየች። ከዛፍ ጥላ ራቅ ብሎ ጠራራ ፀሐይ ላይ የቆመ ነጭ መኪና አለ። እናቱ መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው ፊት ለፊት ያያሉ፤ ወደ ሕንፃው ቀና አላሉም።

«እኔ ልሂድና...» አለ መምህሩ።

«የለም። እኔ ነኝ የምሄደው።»

ጋዋኗን አውልቃ ወጣች። ግቢውን አቋረጠች። የምትለውን አላዘጋጀችም። እትዬ ይቅር ይበሉኝ ልትል ነው? ወይስ አመሰግናለሁ? ወይስ ምንም? መኪናው አጠገብ ደርሳ ቆመች። መስታወቱ አልወረደም። እናቱ ዞረው እንኳ አላዩዋትም። ጠብታ የቆመችበት ጊዜ እንዴት እንደረዘመባት! ልትመለስ አንድ እግሯን አነሳች።

ያኔ እናቱ ጎንበስ አሉና ከጎናቸው ያለውን በር ከውስጥ ገፋ አድርገው ከፈቱት።

«ግቢ» አሉ። «ፀሐይ ነው።»

ጠብታ ገብታ ተቀመጠች። እናቱ እጃቸውን ዘርግተው ከፊቷ ያለውን የፀሐይ መከላከያ አወረዱላት። ፍርሃቷ አልለቀቃትም፤ ከፍርሃቱ ሥር ግን እስከዛሬ የማታውቀው፣ ስም የሌለው ደስታ እየሞቀ ሲመጣ ተሰማትና፣ እንባዋን እንዳያዩባት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።